በቆየ ተች ስልክ ድምፅ ለመቅዳት የቱ ይሻላል? አይፎን፣ ኖኪያ ወይስ የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች

መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ተች ስልክ በደሴም በኮምቦልቻም በብዙ ቤት ይገኛል። ኖኪያ 5800 ወይም 5230 ይሆናል፣ አይፎን 3ጂኤስ ወይም 4 ይሆናል፣ የመጀመሪያው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ወይም ትንሿ ጋላክሲ ዋይ ትሆናለች። ለመገናኛነት ዘመናቸው አልፏል። ዋትሳፕ በሲምቢያን ሶፍትዌር የሚሠሩትን እነዚህን ኖኪያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አጋማሽ ተዋቸው፤ አንድሮይድ 2.3.7ንና አይኦኤስ 8ን ደግሞ በ2020 መጀመሪያ። ጎግልም በ2021 በአንድሮይድ 2.3.7ና ከዚያ በታች ባሉ ስልኮች በአካውንት መግባትን አቆመ።

ድምፅ ለመቅዳት ግን ዛሬም ያገለግላሉ። ሲም አይፈልጉም፣ መሃል ላይ የሚደውልባቸው የለም፣ ሚሞሪያቸውም በፎቶና በቪዲዮ አልተጨናነቀም። የሰፈር ሽማግሌ የሚተርኩት ታሪክ፣ የወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ምሽት መንዙማ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር፣ የአዝማሪ ማሲንቆ፣ ሁሉም በእነዚህ ስልኮች ሊቀዳ ይችላል። ቦታ ያለው አዲስ ስልክ በእጃችሁ ካለ በእሱ ቅዱ፤ አሮጌውን አጠገቡ አስቀምጡትና ሁለተኛ ቅጂ ይያዝላችሁ።

ሰው ስልክ ሲያወዳድር አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ጥርት አድርጎ ይቀዳል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን «ከየትኛው ስልክ ላይ ቅጂው ሳይጎድል ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል?» የሚለው ነው። ጥርት ብሎ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ትረካ ስልኩ ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ፣ ባትሪው አብጦ ስልኩ የሞተ ዕለት አብሮ ይሞታል። ይህ መመሪያ የሚያወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

ፎርማቱን ከስልኩ በፊት

በእነዚህ ስልኮች ላይ የምታገኟቸው የድምፅ ፎርማቶች ሦስት ናቸው፦ ኤኤምአር (AMR)፣ ኤኤሲ (AAC) እና ዌቭ (WAV)። የትኛውን እየቀዳችሁ እንደሆነ ለማወቅ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀድታችሁ የፋይሉን ስም መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ፊደሎች ተመልከቱ። መጠኑንም ተመልከቱ፤ መጠኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ኤኤምአር የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው። ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሚለካ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በከፍተኛው ደረጃው በሰከንድ 12.2 ኪሎቢት ስለሚጠቀም አንድ ደቂቃ 96 ኪሎባይት አካባቢ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ከ6 ሜጋባይት በታች ይሆናል። 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ ከ300 ሰዓት በላይ ይገባል ማለት ነው። ለዕድር ቃለ ጉባኤ፣ ለሌክቸር፣ ሰኞ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እየዞሩ ለመያዝ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ሌላ በጎ ጎንም አለው፦ ድምፁ በ20 ሚሊ ሰከንድ ቁርጥራጭ ተራ በተራ ስለሚጻፍ ባትሪው መሃል ላይ ቢጠፋ እስከዚያ ድረስ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ይከፈታል።

ለመንዙማ ግን ኤኤምአርን አትጠቀሙ። ኤኤምአር የሚያስበው አንድ ሰው ሲናገር ነው፤ የጉሮሮና የአፍ ቅርጽን እየገመተ ያንን ብቻ ይመዘግባል። መሪው ሲያወጣ ብቻውን ስለሆነ ደህና ይወጣል። ተቀባዩ በአንድ ላይ ሲመልስና ድቤው ሲገባ ግን ግምቱ ይፋለሳል፤ ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ይንቦጫረቃል፣ ጭብጨባው ወደ ሹክሹክታ ይቀየራል፣ የድቤው ወፍራም ድምፅ ይሳሳል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ የጅራቱን ፍትጊያ የሚሰጠው ላይኛው ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል። ይህ በኋላ በኮምፒውተር የሚጠገን ጉድለት አይደለም። ኤኤምአርን ወደ ኤምፒ3 ብትቀይሩት ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

ኤኤሲ መካከለኛው መንገድ ነው። አይፎን ላይ መጨረሻው ኤም4ኤ ይላል፣ ሳምሰንግ ላይ ደግሞ 3ጂኤ። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሲቀዳ አንድ ደቂቃ 480 ኪሎባይት፣ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለመንዙማም ለትረካም ይበቃል። ድካሙ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ፋይሉን ለመክፈት የሚያስፈልገው ማውጫ የሚጻፈው ቅጂው ሲቆም ነው። ስልኩ ከማቆማችሁ በፊት ከጠፋ የአንድ ሰዓት ድምፅ እዚያው ተኝቶ ማጫወቻው ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላችኋል። ስለዚህ በኤኤሲ ስትቀዱ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው አቁማችሁ እንደገና ጀምሩ። መንዙማው ሲያልቅ፣ ቡናው ሲቀዳ፣ ተናጋሪው ውሃ ሲጠጣ ሁሉ ለዚህ ይመቻል።

ዌቭ ምንም ሳይጨምቅ ይጽፋል። በሰከንድ 44,100 ናሙና (ልኬት) እና በ16 ቢት በአንድ ቻናል አንድ ደቂቃ 5.3 ሜጋባይት፣ አንድ ሰዓት 317 ሜጋባይት ይሆናል፤ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ 12 ሰዓት ያህል ይይዛል። ስልኩ መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ በኮምፒውተር ላይ በኦዳሲቲ የድምፅ ፕሮግራም «ኢምፖርት ሮው ዳታ» በሚለው መንገድ ናሙናውን፣ ቢቱንና ቻናሉን ነግራችሁ ድምፁን ማውጣት ይቻላል። ለዘለቄታ የሚቀመጥ የሽማግሌ ድምፅ ከሆነና ስልኩ ዌቭ ከቻለ ይህን ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ መቅጃ ዌቭ እያለ በ8,000 ናሙና ይቀዳል። አንዱ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ከሆነ ያ ነው፤ ትልቅ ፋይል ይዞ የስልክ ጥሪ ጥራት ይሰጣችኋል።

አይፎን 3ጂ፣ 3ጂኤስ እና 4

የመጀመሪያው አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ድምፅ መቅጃ አልነበረውም። «ቮይስ ሜሞስ» የተባለው መቅጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ከአይፎን ኦኤስ 3.0 ጋር ነው፤ ስለዚህ በ2 ቁጥር የሚጀምር ሶፍትዌር ያለው አሮጌ አይፎን ላይ መተግበሪያውን ብትፈልጉ አታገኙትም።

እስከ አይኦኤስ 6 ባለው ሶፍትዌር ላይ ሲከፈት ትልቅ የማይክሮፎን ሥዕልና ከሥሩ የድምፅ መለኪያ ይታያል። በግራ ያለው ቀይ ቁልፍ ይቀዳል፣ የቀኙ ዝርዝሩን ይከፍታል። መቅዳት ሲጀምር የግራው ለአፍታ ማቆሚያ፣ የቀኙ ማብቂያ ይሆናል። ወደ ሌላ መተግበሪያ ብትሄዱም ከላይ ቀይ መስመር እያሳየ መቅዳቱን ይቀጥላል። ከመጀመራችሁ በፊት ከስልኩ ታች፣ ቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ያለውን የማይክ ወንፊት በጥፍር ጠቆም ጠቆም አድርጉና የመለኪያውን መርፌ ተመልከቱ። ካልተወዛወዘ ማይኩ በአቧራና በኪስ ጥራጊ ተደፍኗል። ደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል፤ መርፌ ወይም ስፒል አታስገቡበት።

በድምፅ ጥራት ከሦስቱ ቤተሰቦች የምንመርጠው ይህን ነው። ምንም ቅንብር ሳትነኩ ኤም4ኤ ይሰጣችኋል፤ በስህተት ወደ ዝቅተኛ ጥራት የምትገቡበት ምርጫ ራሱ የለም። ችግሩ ፋይሉን ማውጣት ላይ ነው። አይፎን በብሉቱዝ ለሌላ ስልክ ፋይል አይልክም፤ ኤርድሮፕም የመጣው ከአይፎን 5 ጀምሮ ነው። ሚሞሪ ካርድ የለውም። በኢሜይልና በኤምኤምኤስ (ድምፅና ሥዕል በሚይዝ የስልክ መልእክት) መላክ ይችላል፣ ግን ረጅም ቅጂ ስለማይሄድ ቆርጡት ይላችኋል፤ የቆየው ሶፍትዌርም ከዛሬዎቹ የኢሜይል አገልግሎቶች ጋር መግባባት ይቸግረዋል። የቀረው አስተማማኝ መንገድ አይቱንስ የተባለው የአፕል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስልኩን በሰፊው ባለ30 ፒን ኬብል አገናኙ፣ ሙዚቃ የሚለውን ክፍል ክፈቱ፣ ቮይስ ሜሞን ጨምር የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ ሲንክ (አመሳስል) በሉ። ቅጂዎቹ «ቮይስ ሜሞስ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ሦስት አደጋዎች አሉ። ስልኩ ከሌላ ኮምፒውተር አይቱንስ ጋር ሲንክ ሆኖ ከነበረ አዲሱ ኮምፒውተር «ኢሬዝ ኤንድ ሲንክ» የሚል ጥያቄ ያመጣል። አትጫኑት። ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብታችሁ በሰው አይቱንስ ላይ በችኮላ «እሺ» ስትሉ የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ሲንኩን ሁልጊዜ በአንድ በራሳችሁ ወይም በምታምኑት ሰው ላፕቶፕ ላይ አድርጉ። ሁለተኛው፣ ስልኩ ላይ ያጠፋችሁት ቅጂ አይቱንስ ውስጥ ይቀራል፤ አይቱንስ ውስጥ ያጠፋችሁት ግን በሚቀጥለው ሲንክ ከስልኩም ይጠፋል። ሦስተኛው መቁረጫው ነው። ከቅጂው ስም ጎን ያለውን ሰማያዊ ቀስት ነክታችሁ «ትሪም» ውስጥ ስትገቡ ቢጫውን ጠርዝ ጎትታችሁ የምትቆርጡት ከዋናው ላይ ነው፤ የተቆረጠው አይመለስም። መቁረጥ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከገባ በኋላ በግልባጩ ላይ ነው።

ኖኪያ 5800ና ወንድሞቹ

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው 5800 ስክሪኑ በግፊት የሚሠራ ነው። ጥፍርም፣ እስክሪብቶ መሰል መጫኛም፣ የጓንት ጣትም ይቀበላል፤ ጦሳ ተራራ ሥር በኅዳር ሌሊት ጣት ደንዝዞ ለሚቀዳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአይፎንና የአንድሮይድ ስክሪን እርቃኑን የሆነ ጣት ይፈልጋል፤ እርጥብ ጣትም ያስቸግረዋል።

«ሪከርደር»ን ከመተግበሪያዎች ውስጥ ክፈቱና «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቲንግስ» ግቡ። እዚያ የምትወስኑት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጥራት ነው፤ «ኤምኤምኤስ ኮምፓቲብል» የሚለውን ትታችሁ «ሃይ»ን ምረጡ። ሁለተኛው ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሚሞሪ ካርድን ምረጡ። 5800 የራሱ ማከማቻ 81 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ረጅም ቅጂ አይችልም፤ በዩኤስቢ «ማስ ስቶሬጅ» ስታገናኙትም ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ካርዱ ብቻ ነው። በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ የጠፋ ይመስላችኋል፤ ወደ ካርድ መገልበጥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ማውጣቱ ግን ቀላል ነው። ካርዱን አውጥቶ ማንበቢያ ላይ መሰካት፣ በኬብል ማገናኘት፣ ወይም በብሉቱዝ ወደ አዲሱ ስልክ መላክ ይቻላል። በብሉቱዝ 30 ሜጋባይት ፋይል ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ የዌቭ ሰዓት ያህል ቅጂ ከሆነ በካርድ ይሻላል። 5800 በዩኤስቢ ኬብል እንደማይሞላ አስታውሱ። ቀጭኑ ባለ2 ሚሊ ሜትር የኖኪያ ቻርጀር ያስፈልገዋል፤ ፓወር ባንክ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የሚቸገረው ለዚህ ነው። ባትሪው ቢኤል-5ጄ ስለሆነ ግን ትርፍ ገዝቶ በኪስ መያዝ ይቻላል፤ ያው ባትሪ ለ5230 እና ለሉሚያ 520ም ይሆናል።

አሁን ሱቅ የሚሸጠውን የደረት ማይክ ለመሰካት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በዚያ ዘመን ኖኪያዎች ላይ የማይኩና የግራውንዱ መስመር ከአይፎንና ከዛሬ ስልኮች ጋር ተገላቢጦሽ ነው። ሶኬቱ ይገባል፣ ድምፅ ግን አይመጣም ወይም ርቆ ያጉረመርማል። ማይኩ አልተበላሸም፤ መስመሩን የሚያገላብጥ አጭር ኬብል ያስፈልገዋል። አይፎን 3ጂኤስና 4 ላይ ያው ማይክ ያለ ችግር ይሠራል።

የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች

እዚህ ቤት አንድ ወጥ መልስ የለም፤ መቅጃው እንደ አምራቹ ይለያያል። ከጎግል የመጣው ተራ «ሳውንድ ሪከርደር» ኤኤምአር ወይም ውስጡ ኤኤምአር የሆነ 3ጂፒ ይቀዳል። ሳምሰንግ የራሱ «ቮይስ ሪከርደር» አለው፤ ቅንብሩ ውስጥ «ኖርማል» እና «ሊሚት ፎር ኤምኤምኤስ» የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ሁለተኛው ከተመረጠ መቅጃው በኤምኤምኤስ መጠን ላይ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። 300 ኪሎባይት በኤኤምአር ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሽማግሌው ገና መግቢያቸውን ሳይጨርሱ ስልኩ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ከማንኛውም ቅጂ በፊት ይህን ምርጫ ማየት ልማድ ይሁን።

«ኖርማል» ላይ የተቀዳው 3ጂኤ ፋይል ኮምፒውተር ላይ አልከፍት ካለ አትደንግጡ። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ወደ ኤም4ኤ ወይም ወደ 3ጂፒ መቀየር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ደግሞ ሳይቀየርም ያጫውተዋል።

በአንድሮይድ 2 ዘመን ስልኮች ላይ ሰው የሚደናገርበት ሌላ ነገር አለ። ኬብሉን ሰክታችሁ «ተርን ኦን ዩኤስቢ ስቶሬጅ» ስትሉ ካርዱ ከስልኩ ተላቆ የኮምፒውተሩ ይሆናል። በዚያ ሁኔታ መቅጃውን ብትከፍቱ ካርድ የለም ይላችኋል። ካርዱ አልተበላሸም፤ ዩኤስቢ ስቶሬጁን አጥፉ። ኬብሉን ደግሞ ከኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» ሳትሉ አትንቀሉ፤ የካርዱ ማውጫ የሚበላሸው ያኔ ነው።

ካርዱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እነዚህ ስልኮች እስከ 32 ጊጋባይት ያለውን ይቀበላሉ፣ 5800 እስከ 16፤ ባለ64ን አብዛኞቹ አያነቡም። ላዩ 32 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 4 የሆነ የውሸት ሚሞሪም ገበያ ላይ አለ። የሚያሳስተው መጀመሪያ ላይ ደህና መሥራቱ ነው፤ ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በስም ይታያል፣ ሲነካ ግን አይከፈትም። ካርድ ስትገዙ በፊልም ፋይሎች ጢም አድርጋችሁ ሙሉትና መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። ከተከፈተ ቅዱበት።

የፎርማት ነጥብ ላይ አይፎን ይቀድማል፤ በማውጣቱ ግን ካርድ ያላቸው ሁለቱ ይበልጣሉ። ስለዚህ እንዲህ እንመክራለን፦ አይቱንስ ያለው የራሳችሁ ላፕቶፕ ካለ ለመንዙማና ለሽማግሌ ትረካ አይፎን። ላፕቶፕ ከሌለ በ«ኖርማል» የሚቀዳ ሳምሰንግ፣ ምክንያቱም ካርዱን አውጥታችሁ ሌላ ስልክ ውስጥ ብትከቱት ቅጂው እዚያው ነው። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ለረጅም ስብሰባ ኖኪያ ከትርፍ ባትሪ ጋር። ኤኤምአር ብቻ የሚቀዳ አንድሮይድ ለንግግር ይዋል፤ መንዙማ አይቅዳበት።

የመቅጃውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት

ዓመታት የተቀመጠ ስልክ ጀርባው ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ቻርጀር ላይ አታድርጉት። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ቀይሩት፤ አይፎን ከሆነ ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡ። ያላበጠም ቢሆን የአሮጌ ባትሪ ቁጥር አይታመንም፤ 40 በመቶ እያለ ድንገት ይጠፋል፣ በብርድ ደግሞ ይብሳል። የሚቻል ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ እያስቀዳችሁ ፈትኑት።

ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ሲም ባይኖረውም። ሲም ካለው ጥሪ ቅጂውን ያቋርጣል። ሌላው ምክንያት ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ስም ያልሰጠው «ድርርር-ድድ-ድድ» የሚል ድምፅ ነው። የ2ጂ ስልክ ሲያስተላልፍ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ የማይኩ ሽቦ ያንን ይይዛል። አጠገብ ያለ የሌላ ሰው ስልክም ያደርገዋል፤ ከቀጂው ስልክ አንድ ሜትር ያህል አርቁት።

የስልክ መቅጃ ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ጸጥ ሲል ከፍ ያደርግና የማቀዝቀዣውን ጉርምርምታ ያመጣል፤ ድቤ ሲመታ ደግሞ ሁሉንም ዝቅ ያደርግና የመሪው ድምፅ ይዋጣል። ይህን በቅንብር ማስተካከል አይቻልም፤ በቦታ ይቻላል። ስልኩን ከመሪው ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ከድቤው ከሦስት ሜትር በላይ አርቃችሁ አስቀምጡ። ረከቦቱ ባለበት ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አታስቀምጡት፤ ሲኒ ሲቀመጥ እንጨቱ ድምፁን ቀጥታ ወደ ማይኩ ያደርሰዋል። የታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ማይኩ ወደ ተናጋሪው ዞሮ ጋቢው ሳይደፍነው ይቀመጥ።

ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትቅዱ፤ ዝናቡ ድምፁን ሁሉ ይሸፍናል። ጠዋት ይሻላል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ቬንትሌተር ይከፈታል፣ መስኮትም ይከፈታል፣ በዋናው መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪናም ይገባል። ቬንትሌተሩን ለቅጂው ሰዓት አጥፉ፤ ከመንገዱ በተቃራኒ ያለ ክፍል ምረጡ። ውጭ የሚቀዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሐረጎ ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ ማይኩ ላይ ቀጭን ስፖንጅ ወይም አንድ ድርብ ጥጥ ጨርቅ በላስቲክ እሰሩ።

ፈቃድ መጠየቅም ከዝግጅቱ ውስጥ ነው። «አባባ፣ ድምፅዎትን ልቅዳ? ለልጆቹ ነው የማስቀምጠው» በሉ፤ ለማን እንደሚደርስም ንገሯቸው። ሲፈቅዱ መቅዳት ጀምሩና ፈቃዳቸውን፣ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን በራሳቸው አፍ ያስገቡ። የፋይሉ ስም ቢጠፋ እንኳ ቅጂው ራሱ ማን እንደሆነ ይናገራል። ወዳጃ ላይ ደግሞ የቤቱን ባለቤትም ሸህዬውንም ጠይቁ፤ ዱዓው እንዳይቀዳ ከፈለጉ እዚያ ላይ አቁሙ።

ካቆማችሁ በኋላ

ሰው ሳይበተን የመጀመሪያውን 10 ሰከንድና የመጨረሻውን 10 ሰከንድ አዳምጡ። የመጀመሪያው መቀዳቱን፣ የመጨረሻው እስከ መጨረሻው መሄዱን ያሳያችኋል።

ስም አወጣጥ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አሮጌ ስልክ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ሰዓቱን ሊረሳ ይችላል፤ የፋይሉ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ታገኙታላችሁ። ከመቅዳት በፊት ቀኑን አስተካክሉ። ሁለተኛው የእኛ አቆጣጠር ነው። «2010» የሚል የፋይል ስም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከዓመታት በኋላ ማንም አያውቅም። አንዱን ምረጡና ጻፉት፣ ዓመትን አስቀድማችሁ፦ «2017ዓም-03-12 ኩታበር ትረካ 01» ዓይነት። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ተራ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። በብዙ የቆዩ አንድሮይዶች ላይ የግዕዝ ፊደል ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ ስልኩ ላይ በቁጥር ብቻ ሰይሙት፤ ሙሉውን ስም ኮምፒውተር ላይ ስጡት።

ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡ። የሚቆረጠው፣ ወደ ኤምፒ3 የሚቀየረው፣ ድምፁ ከፍ የሚደረገው ግልባጩ ነው። ሁለት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ሌላ ቤት ውስጥ ወይም ቴሌግራም ላይ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ስፒከሩን ከፍቶ የማይክ ምልክቱን ተጭኖ እንደገና መቅዳት የክፍሉን ማስተጋባት ይጨምርበታል፣ ቴሌግራምም እንደገና ይጨምቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ትከስራላችሁ። ከአሮጌው ስልክ ላይ የምታጠፉት ሁለቱም ቦታ ከፍታችሁ ካዳመጣችሁ በኋላ ነው።

ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር አልገናኝ ካለ፣ ለምሳሌ አይፎኑ የኬብል መሰኪያው ከተበላሸ፣ ግን ስክሪኑና የኢርፎን ቀዳዳው የሚሠሩ ከሆነ አንድ መንገድ ቀርቷል። በሁለቱም በኩል 3.5 ሚሊ ሜትር ሶኬት ያለው ኬብል ከኢርፎን ቀዳዳው ወደ ላፕቶፑ «ላይን ኢን» ወይም ማይክ መግቢያ ስኩ። ኦዳሲቲን ክፈቱና መቅዳት አስጀምሩ፤ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ድምፁን ግማሽ አካባቢ ላይ አድርጋችሁ አጫውቱ። የኦዳሲቲ መለኪያ ቀዩን ከነካ ከስልኩ በኩል ቀንሱ፤ ማይክ መግቢያ ከሆነ በጣም ስስ ስለሆነ ሩብ ላይ መጀመር ይሻላል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ ጉርምርምታ ካመጣ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ አስኬዱት። የአንድ ሰዓት ቅጂ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ላፕቶፑ ሞልቶ መጀመሩን አረጋግጡ።